የታደሉ ወተት ቤት ታፔላ

ማክሰኞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ቆቦን የሚያውቅ ሰው ያን ሰዓት ያውቀዋል። ፀሐይዋ ከአናት ዝቅ ብትልም ሙቀቱ ከአስፋልቱ አይነሣም፤ የባጃጅ ሾፌሮች ኒም ዛፍ ሥር አቁመው እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ይተኛሉ፤ ሱቁ ክፍት ነው፣ ባለሱቁ ግን የስኳር ኩንታል ተደግፎ አንገቱ ወድቋል። እኔ ከመናኸሪያው ማዶ በነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ መብራት እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ጥቁር አባያ ለብሳ ከላዩ ነጭ ነጠላ ጣል ያደረገች ወፍራም ሴት መጥታ ፊቴ ቆመችና፣ «ዲዛይን የምትሠራዋ አንች ነሽ?» አለችኝ። ነኝ ብዬ ተነሣሁላት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሥራዬን አውቆ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ጎረቤታችን የግቢውን በር ሲያስቀባ በመስኮት የገባው የአኳራጅ ሽታ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ አጎንብሼ ነበር፤ እጄ ቆመ። ዛሬ ታፔላ የሚቆርጠው ማሽን ነው። መብራት ይገባለታል፣ ቀለሙ ይንቦገቦጋል፣ ፊደሉ እንደ ዳቦ አብጦ ይወጣል፤ ሽታ ግን የለውም። ያኔ ዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነሽ፣ ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ራስሽን እያዞረሽ ነበር የምትሠሪው። ማታ ፀጉርሽም እንጀራሽም አኳራጅ አኳራጅ ይላል። ወጣቶቹ ይህን ስነግራቸው ያዝኑልኛል። እኔን ደግሞ እግሬን ይበላኛል፤ ተነሥቼ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ያ ዘመን ሲታወሰኝ ተቀምጬ ማሰብ አልችልም፤ ያኔም ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ዓመቱን በትክክል አልጠራውም። ባጃጅ ቆቦ የገባ ሰሞን ነው ብል ያገሬ ሰው ይገባዋል። ማኪያቶ በአራት ብር፣ ሻይ በብር ከሃምሳ የሚጠጣበት፣ የሃያ አምስት ብር የሞባይል ካርድ ሞልቶ ድምፅ ለመስማት ቆጥ ላይ እንደሚወጣ ዶሮ ከፍ ያለ ቦታ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። የካሴት ቤቶች ገና አልተዘጉም፤ ግን ካሴቱን ወደ ኋላ ገፍተው ፊት ለፊት ሲዲ ደርድረዋል፤ ከአንዱ በር ጭፈራ፣ ከሌላው በር መንዙማ ይወጣና መንገዱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ከቆላ የሚመጡት ወንዶች ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ፤ ጫማቸው ላስቲክ ነው። ልጃገረዶቹ ቅቤ የጠጣ ሹሩባቸውን በሻሽ ጠርዝ ብቻ ይሸፍኑታል። የጅዳ ተመላሾች ደግሞ በአባያቸውና በሽቷቸው ከሩቅ ይታወቃሉ። እኔ ጂንስ ሱሪ ላይ ረጅም ሸሚዝ፣ ከዚያ ላይ ሻርፕ፤ ዩኒቨርሲቲም አልመስል፣ ቆቦም አልመስል።

የተመረቅሁት በማኔጅመንት ነው። ዲዛይን ያስተማረኝ ክፍል የለም። የክፍላችንን የምረቃ መጽሔት ሌላ የሚሠራ ሰው ሲጠፋ እኔ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ የሌላ ክፍል፣ ከዚያ የሌላ። በዚያ ገንዘብ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ባትሪው የሞተ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ። ቆቦ ስመለስ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ «የዲዛይን ሥራ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ። «እንሠራለን» ያልኩት ብቻዬን መሆኔ እንዳይታወቅ ነው። አንድ ሰው ቤት ሊሠራ አስቦ የቪላ ፕላን ጠየቀኝ። አንዲት ሙሽራ ሦስት ሜትር ጨርቅ ይዛ መጥታ ቀሚስ እንድቆርጥላት ለመነችኝ፤ አይደለም ስላት «ታዲያ ምኑን ነው ዲዛይን የምታደርጊው?» ብላ ጨርቋን እያጣጠፈች ሄደች። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ደንበኛ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዙሪ ይሉኛል፤ እኔ ግን ካልገዛሁ በስተቀር ሱቅ ደፍ መርገጥ ያሳፍረኛል። ከመናኸሪያው ጀምሬ እስከ ከብት ተራው መታጠፊያ እሄድና፣ ዛሬ እዚህ እገባለሁ ያልኩትን ቤት አልፌ፣ ክብሪት ገዝቼ እመለሳለሁ። ቤታችን የክብሪት ቀፎ ሞላው።

እቴ ታደሉ፣ ያቺ ባለ አባያዋ ሴት፣ ያኔ ከጅዳ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። ያጠራቀመችውን ይዛ ወተት ቤት ልትከፍት ነው፤ ቤቱን ተከራይታለች፣ ማቀዝቀዣውን አስጭናለች፣ የቀረው ታፔላው ነው። ተቀመጭ ብላት እንቢ ብላ ቆማ አወራችኝ። «ስሜን ትልቅ አድርገሽ እንዳትጽፊብኝ» አለች። «ከቆላ የሚመጣው ሰው ፊደል አይቆጥርም፤ ጥማት ግን አለበት። ከሩቅ ሲያየው እዚህ ቤት ወተት አለ ብሎ እግሩ እንዲታጠፍ ነው የምፈልገው።» ላም ልሣል አልኳት። ሳቀች። «ላም ከሣልሽማ ሥጋ ቤት ነው ይሉኛል።»

ቤት ስገባ አባቴን ነገርኩት። አባቴ ዕድሜውን በትምህርት ቤት ታይፕ ሲመታ የኖረ፣ ጣቶቹ ጡረታ ከወጣም በኋላ ጠረጴዛ የሚደበድቡ ሰው ነው። እሱም ለኔ የሚነግረኝ ነገር ነበረው። ብዙ ደጅ ጠንቶ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለምኖ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የጸሐፊነት ቦታ አግኝቶልኛል። ደብዳቤው ወጥቷል፤ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ማግስት ጠዋት ቀርቤ ካልፈረምሁ ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ደብዳቤውን ሬዲዮው ሥር አኖረው፤ ሬዲዮው ሲከፈት ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። «ወር ሲሞላ የሚመጣ ነገር ያስፈልግሻል» አለኝ። «ታፔላ የሚሰቀለው አንዴ ነው፤ ከዚያስ?» እኔም መለስኩለት፦ ይህ ታፔላ ሌላ ሥራ ካመጣልኝ አልፈርምም፤ ካላመጣልኝ እፈርማለሁ። እንዲህ አድርጌ አባቴን ተናግሬው አላውቅም ነበር። «እሺ፣ እንዳልሽ» አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ሳስታውስ ጣቶቼ ይነቃነቃሉ። ብርጭቆ ሣልሁ፣ ማሰሮ ሣልሁ፣ ቆለኞች ወተት የሚይዙበትን ጮጮ ሣልሁ። ጮጮው ከሩቅ ሲታይ የባሩድ ቀንድ መሰለብኝ። ምሳ በግማሽ ትቼ እነሣለሁ፤ እናቴ «ይህች ልጅ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጠችው?» ትላለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ስለ ምንም ሳላስብ፣ እጄ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር አወጣ፦ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ግማሽ ክብ፣ ከላዩ ሁለት አጫጭር ሰረዞች። ጎድጓዳ ሣህንና ወደ ውስጡ የሚወርድ ወተት ነው። ቀላል ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ያየው አይረሳውም። ከመጽሔት አልቀዳሁት፣ ከኮምፒውተር አላወረድሁት፤ የራሴ ነው። ላሜራውን ግቢያችን ውስጥ ዘርግቼ፣ መደቡን ሰማያዊ፣ ምልክቱን ነጭ አድርጌ ቀባሁት፤ «ታደሉ ወተት ቤት» የሚለውን ከሥሩ በትንንሹ ጻፍሁ። እቴ ታደሉ ስታየው ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አጋደለች። «አልገባኝም፣ ግን ደስ አለኝ» አለች።

በተሰቀለ በመጀመሪያው ገበያ ቀን የሆነውን ዛሬም ሳወራው ሰው ያጋነንሁ ይመስለዋል። ከዞብል ተራራ ሥር ያሉት ቆለኞች ግመላቸውንና ከብታቸውን ሸጠው ሲመለሱ፣ ወተት ቤቱ ፊት ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ቀና ብለው ያያሉ፤ እርስ በርሳቸው አንድ ነገር ይባባሉና ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ይገባሉ። እኔ ማዶ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ቆሜ አያለሁ። አጠገቡ ሌላ ወተት ቤት አለ፤ ሁለት ሰው ነው የገባበት። የታደሉ ቤት ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሞ ይጠጣል። ማታውኑ ወፍጮ ቤት ያለው ነጋዴ ጠራኝ፤ በማግስቱ የጆንያና የገመድ ነጋዴው። ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ «እንደ ታደሉ ያለ ምልክት ሥሪልኝ።» እየሮጥሁ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። ጠረጴዛውን መደብደቡን አቆመ። «እንግዲህ አፍሽ ያለው ሆነ» አለ፤ ደብዳቤውን ግን ከሬዲዮው ሥር አላነሣውም። ያን ሳምንት መሬት አልረገጥሁም። ማንም ሳያየኝ በታፔላው ሥር አልፋለሁ፤ ተመልሼ አልፋለሁ።

ተከታዩ ገበያ ደረሰ። እኔ ወተት ቤቱ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጬ ለእቴ ታደሉ የዋጋ ዝርዝር እጽፋለሁ። ነጭ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ረዥም፣ ቀጭን ሽማግሌ ገቡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ቆለኞች ብድግ ብለው እጃቸውን ሳሙ። አያ ኑርዬ ናቸው፤ ከብታቸው ከዚያ ዳር እስከዚያ ዳር የሚባልላቸው፣ በስም የማውቃቸው፣ ፊታቸውን ግን ያኔ ያየሁት። ቢስሚላሂ ብለው ወተቱን እስከ ጭላጩ ጠጡ። ብርጭቆውን አስቀመጡና በዝግታ ተናገሩ።

«ወተቱ ጥሩ ነው። ላሞቼ እዚህ ድረስ መጥተው እንደሚታለቡ ግን የነገረኝ የለም።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። እቴ ታደሉ ከማቀዝቀዣው ኋላ ብቅ አለች። «የምን ላም ነው አንቱ? ወተቱን እኮ ከዚሁ ከከተማው ዳር ነው የማመጣው።»

በዱላቸው ጫፍ በበሩ በኩል ወደ ታፔላው አሳዩ። «እሱስ የማን ነው?»

ከዚያ የነገሩንን በሳቸው አንደበት ልናገረው አልችልም፤ ጆሮዬ እየጮኸ ነበር የሰማሁት። ያ ግማሽ ክብ፣ ያ ሁለት ሰረዝ፣ ከአያታቸው ጀምሮ በጋለ ብረት ከብታቸው ግራ ጭን ላይ የሚተኮስ ነው። ያ ምልክት ያለባት ላም ብትጠፋ፣ ያገኛት ሁሉ ሳይጠይቅ ወደ ደጃቸው ይነዳታል። የሰው ማሽላ ብትበላም ሰው ሳይጠይቅ ወደሳቸው ይመጣል፤ ካሣውን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ቆለኞቹ ሁለት ገበያ ሙሉ የገቡት ቤቱ የአያ ኑርዬ መስሏቸው ነው። አንዳንዶቹማ ሂሳብ ሲከፍሉ «ሰላም በሉልን» ብለው ነበር የሚወጡት፤ እቴ ታደሉ ጨዋነት መስሏት «እሺ» ትላለች።

«ነገ ወተቱ ተበላሽቶ ሰው ቢታመም የሚረገመው ማነው?» አሉ። «ታደሉን ማን ያውቃታል? ኑርዬ ነው የሚባለው።»

«እኔ እኮ አውቄ አይደለም» አለች እቴ ታደሉ፣ ወደ ጥጉ እያየች። «እሷ ናት የሣለችው። የተማረች ናት።»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አያ ኑርዬ የት እንዳየሁት ጠየቁኝ። የትም አላየሁትም፣ ከእጄ ነው የመጣው አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሁና ቤታችን የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደ ከብት ተራ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ በረንዳው ወደ መንገዱ የሆነው ቤት ስላቸው፣ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ። «እንግዲያማ ከጥጃነትሽ ጀምሮ ስታይው ነው ያደግሽው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርሁ። ልጅ ሆኜ በረንዳው ላይ ስቀመጥ፣ ገበያ በመጣ ቁጥር ከዓይኔ ትይዩ የሚያልፈው የከብት ጭን ነበር፤ አቧራው፣ ፉጨቱ፣ ጭኑ ላይ ያለው ጠባሳ። አይቼዋለሁ እንኳ ብዬ አላውቅም።

እቴ ታደሉ ጅዳ ስትኖር የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ጸብን ወደ ገበያ መመለስ ነው። እንግዲያ ወተቱን ከአንቱ ልውሰድ አለቻቸው፤ ምልክቱ ሐሰት የሆነው ወተቱ የአንቱ ስላልሆነ ነው፣ ወተቱ የአንቱ ከሆነ ምልክቱም እውነት ይሆናል። አያ ኑርዬ ጢማቸውን እየዳበሱ መንገዱን አሰሉ። ከሮቢት አቅጣጫ ያሉት ላሞቻቸው ቅርብ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ሊመጣ ይችላል። ተከራከሩ፣ ተሳሳቁ፣ ተስማሙ። አያ ኑርዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። ወሬው ከቤት ሳይወጣ የወፍጮ ቤቱ ነጋዴ እየከነፈ መጣ። ለእሱም ያንኑ ምልክት እንዲፈቅዱለት ጠየቃቸው። «ላሜ ዱቄት አትታለብም» አሉት፤ እሱም ትእዛዙን ተወው። የገመድ ነጋዴው ላለመጠየቅ ብልህ ነበር፤ እኔን ሲያየኝ ግን፣ ታፔላውን ለጊዜው እንተወው ብሎ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ሁለቱም የፈለጉት ሥዕሌን ሳይሆን ምልክቱ የሚያመጣውን ሰው ነበር።

አያ ኑርዬ ሊወጡ ሲነሡ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔን ለማጽናናትም ይመስለኛል፣ አጠገቤ ቆም አሉ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ከሮቢት እስከ ዞብል ይህን ያየ ሁሉ ኑርዬ ይላል። ወደ ቀጣዩ ከተማ ወደ ዋጃ ግን እኔም እንደ ማንም ነኝ፤ ውኃ ለምኜ ነው የምጠጣ።» እቴ ታደሉም፣ «ምን ያስከፋሻል? ታፔላው እንደሆነ አልወረደ» አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ቢወርድ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም የሚፈልገውን አግኝቶ ሲወጣ፣ እኔ በእጄ የቀረው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው።

ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ሄድሁ። ከመናኸሪያው እስከ ከተማው ጫፍ፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ሆርማት ወንዝ፤ ውኃ የሌለበት አሸዋ ላይ ቆሜ፣ ተመልሼ። አንዴ ሥራዬ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ደግሞ ሥራ ሠርቼም አላውቅ፣ የላም ጭን ነው የገለበጥሁት እላለሁ። ፀሐይ ስትገባ ቤት ደረስሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አልሳቀብኝም፣ ደስም አላለውም። አጠገቡ እንድቀመጥ በእጁ አሳየኝ፤ አልተቀመጥሁም።

«ሰው ወተት ሊጠጣ ገባ ማለት ሥራሽ ጥሩ ነው ማለት አይደለም» አለኝ። «መጥፎ ነው ማለትም አይደለም። አይታወቅም። ሰው ደግሞ በማይታወቅ ነገር አይኖርም፣ ሉባባ።»

ከዚያም የጽሕፈት ቤቱ በር በሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚከፈት ነገረኝ። ቃል ቃል ነው፤ ታፔላው ሥራ ካላመጣ እፈርማለሁ ብዬ ነበር፣ ያመጣውም ሥራ ተመልሷል። የነገረኝ ሁሉ ትክክል ነው። ያቺ «አይታወቅም» የምትለዋ ግን እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ጥሩ አይደለሽም ቢለኝ አምኜው እፈርም ነበር፤ ዛሬም እንዲህ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ለቢሮ ያዘጋጀሁትን ልብስ ለበስሁ። ሻይዬን ቆሜ ጠጣሁ። የሠራኋቸውን ወረቀቶች፣ የሰው ከብት ላይ የሌሉትን ብቻ መርጬ፣ በፕላስቲክ አቃፊ አደረግሁ። አባቴ ሬዲዮ ይሰማል።

«አባዬ፣ ዋጃ ነው የምሄደው» አልኩት። «አያ ኑርዬንም እኔንም ማንም ወደማያውቅበት ቦታ ሄጄ ሥራዬን ልየው።»

ቀና አላለም። ጣቶቹ ጠረጴዛውን ትንሽ ደበደቡ። «ከሄድሽ ውኃ ያዢ» አለኝ። «ዋጃ ይሞቃል።»

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ዋጃ፣ አላማጣ እያለ ይጮኻል። መስኮት ዳር ተቀመጥሁ። መኪናው ሞልቶ እስኪነሣ ሁለት ጊዜ ልወርድ ብድግ ብያለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮዋን አቅፋ፣ ምን ሆነሻል በሚል ዓይን ታየኛለች። ዋጃ ስወርድ መንገዱን አንድ ጊዜ ወጣሁት፤ ተመልሼ ወረድሁት። ታፔላውን ፀሐይ የበላው አንድ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ አለ። ባለቤቱ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሚስማር ይመዝናሉ። ገባሁ። ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ታፔላዎ ተላጧል» አልኳቸው።

ሚስማሩን ሚዛኑ ላይ ተዉት። የማን ልጅ እንደሆንሁ ሳይጠይቁኝ፣ ከኔ ጋር ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙና ወደ ላይ አዩ።